በሽታውን የሚደብቀው ዓሣ
አርቢው ከመድኃኒቱ በፊት ውኃውን ይመልከት

ላም ስትታመም ማመንዠኳን ታቆማለች፤ ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች። ዶሮ ስትታመም ክንፏን ጥላ ጥግ ትይዛለች። በግና ፍየልንም ሳላቸውና ተቅማጣቸው ያሳብቅባቸዋል። ከብት ሲያረባ የኖረ አርሶ አደር እነዚህን ምልክቶች ከወላጆቹ ተምሯልና ባለሙያ ሳይነግረው ይለያቸዋል።

ዓሣ ግን ሌላ ነው። ድምፅ የለውም፤ ኑሮውም ከውኃ በታች ነው። አርቢው የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ሲበተን ብቅ የሚለውን ጀርባውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሕመሙን መደበቅ የዓሣ ተፈጥሮ ነው። በውኃ ውስጥ ደክሞ የታየ ለአዳኝ ቀለብ ስለሚሆን፣ አቅሙ እስኪያልቅ ድረስ ጤነኛ መስሎ ይዋኛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ለሰው የተነገረ ቢሆንም በዓሣ ላይ ይበልጥ ይሠራል።

በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከማር ጎን ለጎን የዓሣ እርባታም ትኩረት እንዲያገኝ አድርጓል። በአማራ ክልልም በጓሮ ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ የሚያረቡ አርሶ አደሮችና የተደራጁ ወጣቶች አሉ። እነዚህ አርቢዎች ኩሬ ለመቆፈር ጉልበት፣ ፕላስቲክ ለማንጠፍ ገንዘብ፣ ጫጩት ለማምጣትና ለመቀለብ ወራትን ያፈስሳሉ። ዓሣ ፈላጊው ለሚበዛበት የጾም ወቅት የታሰበ ምርት ግን በአንድ ሌሊት ሆዱን ወደ ላይ አዙሮ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ብዙ አርቢ የሚሮጠው መድኃኒት ፍለጋ ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች የሚመክሩት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ውኃውን፣ ቀጥሎ ዓሣውን፣ መድኃኒቱን በመጨረሻ።

ጤነኛውን ሳያውቁ ሕመምተኛውን መለየት አይቻልም

የታመመን ዓሣ ለመለየት አስቀድሞ ጤነኛውን አጥብቆ ማየት ያስፈልጋል። ጤነኛ ቆሮሶ ምግብ ሲበተን ተሻምቶ ይመጣል፤ የሰው ጥላ ሲያርፍበት ወይም ኮቴ ሲሰማ ደግሞ ፈጥኖ ይሰወራል። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ቅርፊቱ ከገላው ጋር የተለጠፈ፣ ክንፎቹ የተዘረጉ ናቸው። የስንጥቡ ክዳን ተገልጦ ሲታይ ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው።

አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የሚታየው ቆዳው ነው፤ ያልቆሰለ፣ ያልተላጠና በስስ ልጋግ የተሸፈነ መሆን አለበት። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው በየጊዜው ወደ ውኃው ገጽ ብቅ ብሎ አየር መጎንጨት ልማዱ ነው። ስለዚህ አምባዛ ብቅ ብሎ መመለሱ ብቻውን የሕመም ምልክት አይደለም። ቆሮሶ ወይም ካርፕ በገጹ ላይ አፉን ከፍቶ ሲያለከልክ ግን አርቢው ሊደነግጥ ይገባል።

ሕመም የሚጀምረው ከቁስል ሳይሆን ከጠባይ ለውጥ ነው። ምግብ መተው የመጀመሪያው ምልክት ነው። ከዚያ ከመንጋው ተለይቶ ጥግ መያዝ፣ ውኃ በሚገባበት ቧንቧ ሥር መሰብሰብ፣ ክንፍን አጣብቆ መንሳፈፍ፣ ገላን ከኩሬው ግድግዳና ከድንጋይ ጋር ማሻሸት፣ ተንጋዶ ወይም እየተሽከረከረ መዋኘት፣ ቀለም መጥቆር፣ ሰው ሲቀርብም አለመሸሽ ይከተላሉ። እነዚህ ምልክቶች ቁስል ከመውጣቱ ቀናት ቀድመው ሊታዩ ይችላሉ፤ አርቢው ዓሣውን የማዳን ዕድል ያለውም በእነዚያ ቀናት ነው።

ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም። ምግብ የሚሰጥበት ሰዓት የምርመራ ሰዓት መሆን ይችላል። ምግቡን በትኖ ወዲያው ከመሄድ ይልቅ አሥር ደቂቃ ቆሞ ስንቱ እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ምግቡ በስንት ደቂቃ እንዳለቀ ማየት ይበቃል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ያልተበላ ምግብ ሁለት ነገር ይናገራል፤ ወይ የቀረበው በዝቷል ወይ ዓሣው ታሟል። ሁለቱም በዚያው ቀን መልስ ይሻሉ።

ውኃው ነው ወይስ በሽታው?

ዓሣ ሞቶ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን በሽታ ያዘው?» ሳይሆን «እንዴት ሞተ?» መሆን አለበት። የአሟሟቱ ሁኔታ መንስኤውን ይጠቁማል።

ዓሣዎቹ በአንድ ሌሊት፣ ዝርያ ሳይለዩ በጅምላ ከሞቱ ተጠርጣሪው ውኃው ነው። ዛሬ ሁለት፣ ነገ አምስት፣ ከነገ ወዲያ አሥር እያለ ሞቱ ከጨመረ ተላላፊ በሽታ ይጠረጠራል። ከተቀላቀሉት ዝርያዎች አንዱ ብቻ ወይም ጫጩቶቹ ብቻ ሲያልቁም ወደ በሽታ ያደላል። ከዓሣው ጋር በውኃው ላይ የሚኖሩ ነፍሳትና እንቁራሪቶች ጭምር ከሞቱ ደግሞ መርዝ መግባቱን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከውኃ ችግሮች ሁሉ በአንድ ሌሊት ኩሬ ባዶ በማድረግ ቀዳሚው የኦክስጅን ማነስ ነው። ኩሬውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ደቃቅ ዕፅዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሠራሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይጠቀማሉ። በዚህ ምክንያት የኩሬ ውኃ ኦክስጅን ዝቅ የሚለው ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ዓሣው ንጋት ላይ በገጹ ላይ እያለከለከ ፀሐይ ሞቅ ስትል ከተረጋጋ፣ ነገሩ በሽታ ሳይሆን የኦክስጅን ረኃብ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሌሊት ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሞቱት ትልልቆቹ ናቸው፤ ማለትም ለገበያ የደረሱት። በክረምት ደመናው ቀናት ሲደራረብ ደግሞ ዕፅዋቱ ቀንም በቂ ኦክስጅን ስለማይሠሩ አደጋው ይጨምራል።

የደጋና የወይና ደጋ አርቢ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ንጹሕ ውኃ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። በ1 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ፣ በባሕር ዳር አካባቢ እንዳለው ማለት ነው፣ ያው ውኃ የሚይዘው ከ7 ሚሊ ግራም ያነሰ ነው። ለቆሮሶ ምቹ የሚባለው ከ5 ሚሊ ግራም በላይ ሲሆን፣ ከ3 በታች ሲወርድ ይጨነቃል። ስለዚህ ለቆላና ለጠረፍ አገር በተጻፈ መመሪያ ኩሬን በጫጩት ማጨናነቅ እዚህ አያዋጣም። ማናፈሻ መሣሪያ በሌለው ኩሬ በአንድ ካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ጫጩት የሚለው የተለመደ ምክር ከዚህ አንጻር መታየት አለበት።

ፍግ የበዛበት መሆን አለመሆኑን በክንድ መለካት ይቻላል። ክንድን ቀጥ አድርጎ ወደ ውኃው ሲያስገቡ መዳፍ የሚሰወረው ውኃው ክርን አካባቢ ሲደርስ ከሆነ አረንጓዴነቱ ደህና ነው። ከዚያ ቀድሞ ከተሰወረ ግን ዕፅዋቱ ከልክ በላይ በዝተዋል፤ እበትና የዶሮ ኩስ መጨመር ይቁም።

ሁለተኛው የውኃ ጠላት አሞኒያ ነው። ዓሣ የበላው ፕሮቲን አሞኒያ ሆኖ በስንጥቡ በኩል ይወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይኸንኑ ይጨምራል። የአሞኒያ መርዛማነት የሚወሰነው በውኃው የአሲድነት ልክ፣ ማለትም በፒ ኤች መጠኑ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒ ኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒ ኤቹ 9 ሲደርስ ግን ከሲሶ በላይ መርዝ ይሆናል። ዕፅዋት የበዛበት ኩሬ ፒ ኤች ከፍ የሚለው ከሰዓት በኋላ ነው። እናም ንጋት ላይ ማለከለክ ወደ ኦክስጅን ሲያመለክት፣ በጠራራ ፀሐይ ማለከለክ ወደ አሞኒያ ወይም ወደ ስንጥብ ሕመም ያመለክታል።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ቆሮሶ የሞቀ ውኃ ዓሣ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውኃ ይፈካል። ውኃው ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ የመከላከል አቅሙም ይደክማል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት የውርጭ ሌሊቶች ዓሣን በመረብ ማውጣት፣ መለካትና ወደ ሌላ ኩሬ ማዛወር ቁስልና ፈንገስ የሚጋብዘው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛው ወቅት በሐይቆችም ላይ የራሱ አደጋ አለው። የላይኛው ውኃ ሲቀዘቅዝ ከብዶ ይወርድና ኦክስጅን የሌለውን የታችኛውን ውኃ ወደ ላይ ያመጣዋል። በቢሾፍቱ ጥልቅ ሐይቆች በቀዝቃዛው ወራት ዓሣ በጅምላ የሞተባቸው አጋጣሚዎች ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አራተኛው ከውጭ የሚመጣ መርዝ ነው። በአትክልትና በጫት ማሳ ላይ የሚረጩ ፀረ ተባዮች፣ በተለይም ፓይሬትሮይድ የሚባሉት፣ ለዓሣ እጅግ አደገኛ ናቸው። ለሰብል በጣም ጥቂት የሚባለው መጠን ዝናብ አጥቦ ኩሬ ውስጥ ሲከተው ዓሣን ለመጨረስ ይበቃል። የብርብራ ፍሬ ዱቄትም እንዲሁ ነው። በጣና ገባር ወንዞች ዓሣን ለማደንዘዝ ሲጠቀሙበት የኖሩት ይህ ፍሬ የዓሣን አተነፋፈስ የሚያውክ መርዝ ስላለው፣ ውኃውን ከወንዝ የጠለፈ አርቢ ከላይ በኩል ሌላ ሰው ባደረገው ሊጎዳ ይችላል።

ገላው ላይ የሚነበበው

ውኃው ተመርምሮ ችግር ካልተገኘበት ዓይን ወደ ዓሣው ይዞራል። ሁለት ሦስት የታመሙ ዓሦችን በመረብ አውጥቶ ከክንፍ እስከ ስንጥብ መመልከት ያስፈልጋል።

በገላው ላይ የጨው ፍንጣሪ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ከታዩ ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ ነው። መንስኤው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ሲሆን ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ያድጋል፤ ከዚያ ወድቆ ይራባና በመቶ የሚቆጠሩ ልጆቹ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። መድኃኒት የሚገድለው እነዚህን ዋናተኞች እንጂ በቆዳ ሥር ያሉትን አይደለም። አንድ ጊዜ ታክሞ የዳነ የመሰለ ኩሬ እንደገና የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ዑደቱ በሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ በቀዝቃዛ ውኃ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ሕክምናውም በዚያው ልክ መደጋገም አለበት።

ነጥብ ሳይኖር ዓሣው ገላውን የሚያሻሽ፣ ልጋጉ የበዛና ስንጥቡ ያበጠ ከሆነ ሌሎች የቆዳና የስንጥብ ተውሳኮች ይጠረጠራሉ። እነዚህ በተጨናነቀና ፍግ በበዛበት ኩሬ ይራባሉ፤ በተለይ ጫጩቶችን ይፈጃሉ።

ጥጥ የመሰለ ነገር በቁስል ላይ ከበቀለ ፈንገስ ነው። ፈንገስ ብዙውን ጊዜ ዋናው በሽታ ሳይሆን ተከታይ ነው፤ በመረብ በተላጠ፣ በብርድ በተጎዳ ወይም በተውሳክ በቆሰለ ገላ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጥጡን ከማከም በፊት ቁስሉን ያመጣውን መፈለግ ይገባል።

ቀያይ ቁስሎች፣ የተበላሹ ክንፎች፣ ያበጠ ሆድ፣ ወደ ውጭ የወጣ ዓይንና የቆመ ቅርፊት ባክቴሪያን ያመለክታሉ። ኤሮሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በማንኛውም የኩሬ ውኃ ውስጥ የሚኖር ሲሆን ጤነኛውን ዓሣ አይደፍርም፤ ዓሣው በውኃ መበላሸት ሲደክም ግን ይነሳበታል። ሆዱ አብጦ ቅርፊቱ የቆመ ዓሣ የመዳን ዕድሉ አነስተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ለይቶ ማስወገድ የቀሩትን ለማዳን ይረዳል። በሙቅ ወራት ዓይኑ ወጥቶ እየተሽከረከረ የሚዋኝ ቆሮሶ ደግሞ ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ያስጠረጥራል።

ሆድ ሲከፈት የሚገኙ ትሎችም አሉ። በአገራችን ሐይቆች ቆሮሶ ላይ ኮንትራሲየም የተባለ ትል፣ በሥጋና በስንጥብ አካባቢ ደግሞ ቢጫ እብጠት የሚፈጥር ክሊኖስቶመም የሚባል ተውሳክ ይታወቃሉ። የእነዚህ ዑደት የሚሞላው በዓሣ በል ወፎች ነው፤ የቢጫው ተውሳክ ዑደት በቀንድ አውጣም በኩል ያልፋል። በኩሬ ዙሪያ ሣር ማጨድ፣ ቀንድ አውጣን መልቀምና በላዩ መረብ መዘርጋት ከመድኃኒት ይልቅ ይጠቅማል።

የመጨረሻው ቫይረስ ነው። ከ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በእስራኤል የገሊላ ባሕርና በእርባታ ኩሬዎች ቆሮሶ በብዛት ይሞት ጀመር፤ በ2014 መንስኤው እስከዚያ ድረስ ያልታወቀ ቫይረስ መሆኑ ተረጋገጠ። የቴላፒያ ሐይቅ ቫይረስ ተባለ። የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት በግንቦት 2009 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2017) ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ በሽታው ከእስራኤል ሌላ በግብፅ፣ በታይላንድ፣ በኮሎምቢያና በኢኳዶር ታውቆ ነበር። በአንዳንድ ቦታዎች እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ዓሣ ገድሏል። ሰውን አያጠቃም፤ የሚያድን መድኃኒት ግን የለውም። ያለው መከላከያ ምንጩ ያልታወቀ ጫጩት አለማስገባት ነው።

በመጀመሪያው ቀን

ምልክት ሲታይ፣ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ አርቢው ሊያደርጋቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ምግብና ፍግ ይቁም። ዓሣ ለጥቂት ቀናት ሳይበላ መቆየት ይችላል፤ ያልተበላ ምግብ ግን ውኃውን ያባብሰዋል።

ሁለተኛ፣ ንጹሕ ውኃ ይግባ። ከኩሬው ሲሶ ያህሉን ከታች በኩል አፍስሶ በአዲስ መተካት ኦክስጅን ይጨምራል፤ አሞኒያንም ያቀጥናል። አዲሱ ውኃ ከከፍታ ላይ በተበሳ ጣሳ ወይም በድንጋይ ላይ እየተፈነጣጠቀ ቢወርድ አየር ይዞ ይገባል። ፓምፕ ያለው አርቢ የራሱን የኩሬ ውኃ ቀድቶ መልሶ መርጨት ይችላል። በአንድ ጊዜ ሙሉውን ውኃ መለወጥ ግን የሙቀትና የፒ ኤች ድንገተኛ ለውጥ ስለሚያስከትል የደከመውን ዓሣ ይገድላል።

ሦስተኛ፣ የሞተው ወዲያው ይውጣ፤ የታመመው ይለይ። ለታመመው ኩሬ የሚያገለግሉት መረብ፣ ባልዲና ቦቲ ጫማ ወደ ጤነኛው ኩሬ መሻገር የለባቸውም። ሌላ ከሌለ በሳሙና ታጥበው ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቅ አለባቸው።

አራተኛ፣ በቆዳ ላይ ላለ ተውሳክና ለፈንገስ ተራ ጨው ይረዳል። በ10 ሊትር ንጹሕ ውኃ 100 ግራም ጨው በጥብጦ ዓሣውን እስከ 10 ደቂቃ ድረስ መንከር የተለመደ ዘዴ ነው። በዚህ ጊዜ ከባልዲው አጠገብ መለየት አይገባም፤ ዓሣው ሚዛኑን ስቶ ከተጋደመ ወዲያው ወደ ንጹሕ ውኃ ይመለሳል። መጀመሪያ በሁለት ሦስት ዓሦች ሞክሮ አንድ ሌሊት ማየት ብልህነት ነው። ጨው በሆድ ዕቃ ውስጥ ላለ በሽታ ግን አይሠራም።

መድኃኒት ለምን አይቀድምም?

ለሰው ወይም ለከብት የተገዛን ቴትራሳይክሊን ኩሬ ውስጥ መበተን ሦስት ጉዳት አለው። መንስኤው የኦክስጅን ማነስ፣ ተውሳክ ወይም ቫይረስ ከሆነ መድኃኒቱ ምንም አይፈይድም፤ የሚጠፋው ገንዘቡና ጊዜው ነው። መንስኤው ባክቴሪያ ቢሆን እንኳ በትልቅ ኩሬ ውስጥ የተበተነ ጥቂት መድኃኒት ተሐዋሲውን ከመግደል ይልቅ ያለማምደዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመድኃኒቱ ቅሪት በዓሣው ሥጋ ውስጥ ሆኖ ወደ ገበያ ይወጣል። በባለሙያ ትእዛዝ የታከመ ዓሣም ቢሆን ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የሚጠበቁለት ቀናት አሉ።

ማላካይት ግሪን የተባለው አረንጓዴ ቀለም ለፈንገስና ለተውሳክ ይሠራል ተብሎ ቢነገርም፣ በጤና ላይ በሚያስከትለው ሥጋት በአውሮፓ ኅብረትና በአሜሪካ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ እንዳይውል ተከልክሏል። ፎርማሊንም ከውኃው ኦክስጅን የሚቀንስ፣ ለሚጠቀምበት ሰው ዓይንና ሳንባም አደገኛ ነውና ያለ ባለሙያ የሚነካ አይደለም።

ናሙናው ሳይበላሽ

የወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያ ሲጠራ አርቢው ባዶ እጁን ባይጠብቅ ይመረጣል። ሞቶ ያደረ ዓሣ ለምርመራ አይረባም፤ ዓሣ በፍጥነት ስለሚበሰብስ ከሞተ በኋላ የሚገኘው ተሐዋሲ የገደለው ይሁን የሞተውን የወረሰው አይለይም። የሚፈለገው ሊሞት የተቃረበ፣ ምልክቱ በግልጽ የሚታይበት ሕያው ዓሣ ነው። ሲሶው ውኃ ሁለት ሦስተኛው አየር በሆነ ወፍራም ፕላስቲክ ከሦስት እስከ አምስት ዓሣ አስሮ በዚያው ቀን ማድረስ ይገባል። ይህ ካልተቻለ አሁን የሞተው በበረዶ መሐል ተደርጎ ይላካል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዲደርቅ ግን አይደረግም። የኩሬውም ውኃ በንጹሕ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቶ ለብቻው ይያዛል።

ከናሙናው እኩል የሚጠቅመው ታሪኩ ነው። ሞቱ መቼ ጀመረ? በየቀኑ ስንት ሞተ? ምግቡ ምን ነበር? ፋጉሎው ሻግቶ ነበር? የመጨረሻው ጫጩት ከየት መጣ? ጎረቤት ማሳ ተረጭቷል? እነዚህን በደብተር የያዘ አርቢ የባለሙያውን ሥራ በግማሽ ያቀለዋል። ከወረዳው አቅም በላይ የሆነው ጉዳይ በባሕር ዳር ወደሚገኘው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ወይም ሰበታ ወዳለው ብሔራዊ ማዕከል ሊመራ ይችላል።

የሞተው ዓሣ ከውኃ መውረጃ ርቆ፣ ውሻና ጅብ በማይደርሱበት ጥልቅ ጉድጓድ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበር። ለገበያም ለቤትም አይውልም። አብዛኞቹ የዓሣ በሽታዎች ወደ ሰው ባይተላለፉም፣ የታመመ ዓሣ የሚነካ ሰው እጁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርግ። ጤነኛውም ቢሆን በደንብ ሲበስል ከትል ያድናል፤ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ እንደተለመደው ዓሣን በጥሬው የሚበሉ ሰዎች ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

በመስታወት ገንዳ ያሉት

በሆቴሎች፣ በካፌዎችና በመኖሪያ ቤቶች ለጌጥ የሚቀመጡ ዓሦችም ከዚህ ሕግ አይወጡም። እንዲያውም ውኃቸው ጥቂት ስለሆነ ስሕተት ይቅር አይላቸውም። አዲስ ገንዳ ሞልቶ በዚያው ቀን በዓሣ ማጨናነቅ የተለመደው የሞት መንስኤ ነው። አሞኒያን ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃ ማጠብም እነዚሁኑ ይገድላል፤ በራሱ በገንዳው ውኃ ማለቅለቅ ይሻላል። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ስንጥብ ስለሚያቃጥል በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ከፍቶ ማሳደር ይመከራል። በየሳምንቱ ሩቡን ውኃ መለወጥና አዲስ የተገዛን ዓሣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ማቆየት ከማንኛውም ጠብታ መድኃኒት ይበልጣል።

ከኩሬው ወደ ሐይቁ

የጓሮ ኩሬም ሆነ የመስታወት ገንዳ በሽታ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጣና በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ ብዙዎቹም በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። የታመመ ኩሬን ውኃ ሳያክሙ ወደ ወንዝ መልቀቅ፣ «ከሚሞት ይዳን» ብሎ የታመመን ወይም የሰለቹትን የጌጥ ዓሣ ሐይቅ ውስጥ መጨመር በሽታውን ወደ እነርሱ መውሰድ ነው። በኩሬ የገባን በሽታ ውኃውን አፍስሶና አድርቆ ማጥፋት ይቻላል፤ ሐይቅን ግን ማድረቅ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በደቡባዊ አፍሪካ በቾቤና በዛምቤዚ ወንዞች የታየው የዓሣ ቁስል በሽታ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከዚያ በፊት በአፍሪካ የማይታወቀው ይህ በሽታ በወንዙ ተፋሰስ ከቦታ ቦታ ተዛምቶ የአጥማጆችን ኑሮ ነክቷል።

ከመታመሙ በፊት

ምርት ተሰብስቦ ኩሬው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ለአርቢው ትልቅ ዕድል ነው። ውኃው ተፈስሶ፣ ጥቁሩ ጭቃ ተጠርጎ፣ የአፈር ኩሬ ከሆነ ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ በፀሐይ ይድረቅ። ከዚያ በካሬ ሜትር እስከ 200 ግራም ያልበረደ ኖራ እርጥብ በሆኑት ቦታዎች ላይ ጭምር ይነስነስ፤ ኖራው ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል። ውኃ ከተሞላ በኋላም ጫጩት ለማስገባት ቢያንስ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ተገቢ ነው።

ጫጩት ሲመጣም ከታወቀ ማባዣ ማዕከል ይሁን። ፕላስቲኩ ሳይፈታ በኩሬው ውኃ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተንሳፎ ሙቀቱ ይመጣጠን። የሚቻል ከሆነ አዲሱ መንጋ በትንሽ ኩሬ ሁለት ሳምንት ተለይቶ ይታይ። ፉርሽካውና ፋጉሎው እርጥበት በሌለበት ቦታ ይቀመጥ፤ የሻገተ መኖ ጉበት የሚጎዳ አፍላቶክሲን ስላለው ለዓሣም አይሰጥ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ዓሣ ሊታመም ይችላል። ልዩነቱ፣ ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ኩሬው ዳር የሚቆም አርቢ ሕመሙን ሁለት ዓሣ ምግብ ሲተው ያየዋል፤ ቸኩሎ የሚሄደው ግን መቶው ሲንሳፈፍ ነው።